የአሻጋሪዋ የዶርካስ መጨረሻ

ኖሊን ቤክዊዝ በዚያ ቅዳሜ ጠዋት ከኬራንግ ጣቢያ ባቡር ስትሳፈር ወገቧ ላይ ገመድ ታጥቃ ነበር። ገመዱ የጀልባ ገመድ ነው፤ አመድማ፣ አውራ ጣት የሚያህል፣ ሰባት ቦታ ላይ የተቋጠረ። የቀረው ልብሷ የዘወትር ነው፤ ሰማያዊ ሹራብ፣ ሰፊ ሱሪ፣ የዝናብ ካፖርት። ስድሳ ዓመት ሊሞላት አራት ወር የቀራት ሴትዮ ገመድ ታጥቃ ብትታይ አገር ምድሩ ይስቅብኛል ብላ ስትገላበጥ ነበር ያደረችው። ማንም ልብ አላላትም። ትኬት ተቆጣጣሪው እንኳ ትኬቷን አይቶ፣ «ቤንዲጎ ነው የሚወርዱት? ዛሬ የተሳፈረው ሁሉ እብድ ነው፤ እርስዎ ብቻ ነዎት ጤነኛ» ብሎ አለፈ። እውነቱን ነው። ከፒራሚድ ጀምሮ የተሳፈሩት ጭንብል ያጠለቁ፣ የካርቶን ሰይፍ የታጠቁ፣ ፀጉራቸውን አረንጓዴ የቀቡ ነበሩ። ጤነኛ መባሏ ግን ደስ አላሰኛትም።

የቤንዲጎን የኮሚክ፣ የሥዕል ታሪክ መጽሔት፣ ዐውደ ርዕይ ኖሊን የምታውቀው ከውልደቱ ጀምሮ ነው። ከአሥር ዓመት በፊት በአንድ የሠፈር አዳራሽ ሲጀመር የመጣው ሠላሳ አንድ ሰው ነበር፤ ሠላሳ አንደኛዋ እሷ ነበረች። የጀመረው ጋቪን የሚባል የመኪና ጎማ ነጋዴ ነው። ያን ቀን ሻዩን ያፈላው ራሱ፣ ወንበሩን የደረደረው ራሱ ነበር። ሰዉን ክብ አድርጎ አስቀመጠና እያንዳንዱ ስሙንና ከሁሉ የሚወደውን ኮሚክ እንዲናገር ጠየቀ። ተራው ሲደርሳት ኖሊን፣ «ዶርካስ አሻጋሪዋ» አለች። ከሠላሳው ሰው ስሙን ሰምቶ የሚያውቅ ጋቪን ብቻ ሆነ። ወንበሩ ተሰብስቦ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ሁለቱ ቆመው ስለ ዶርካስ ሲያወሩ ቆዩ። በዚያ ቀን ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ «በስተርጅና ሰው አገኘሁ» ብላ ነበር በልቧ።

በሚቀጥለው ዓመት ሰማንያ ሰው መጣ። ከዚያ ሦስት መቶ፣ ከዚያ ሁለት ሺህ። አዳራሹ አልበቃ ብሎ ከብትና በግ ወደሚታይበት ሜዳ ተዛወረ። ዘንድሮ ዘጠኝ ሺህ ትኬት ተሽጧል ተባለ።

«ዶርካስ አሻጋሪዋ» የታተመችው ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት ነው፤ አሥራ ሁለት እትም ብቻ፣ በጥቁርና ነጭ፣ ጣት በሚያጠቁር ርካሽ ወረቀት። ኖሊን ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። እናቷ አልጋ ላይ ከዋለች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛ፣ ወንድሟ ወደ ኩዊንስላንድ ሄዶ፣ እሷ ብቻ ቤት ቀርታ ነበር። የመጀመሪያውን እትም ከጋዜጣ መሸጫው ያነሳችው የሽፋኑን ሥዕል አይታ ነው፤ ትከሻዋ የሰፋ፣ ግራ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ያለባት ሴት ሰፊ ወንዝ ላይ በተዘረጋ ገመድ ጀልባ ትጎትታለች። ዶርካስ በሙሬይ ወንዝ ላይ ሌላ ጀልበኛ እምቢ ያለውን ሰው ታሻግራለች፤ ከባሏ የሸሸችውን፣ ከእስር ያመለጠውን፣ አስከሬን በጋሪ የያዘውን። ልታሻግረው ፈልጋ ላልቻለችው ለእያንዳንዱ ሰው ወገቧ ላይ ባለው ገመድ አንድ ቋጠሮ ትቋጥራለች። ክፌ የሚባል አንድ ሽማግሌ ፖሊስ ደግሞ ከእትም እትም ይከተላታል።

አሥራ ሁለተኛው እትም መጨረሻ ላይ ወንዙ ሞልቶ፣ ክፌ በመጨረሻ ጀልባዋ ላይ ደርሶባት፣ ሁለቱ ወንዙ መሃል ሳሉ ዋናው ገመድ ይበጠሳል። ሥዕሉ እዚያ ላይ ያበቃል። ከሥሩ «ይቀጥላል» ይላል። ኖሊን በወሩ ወደ ጋዜጣ መሸጫው ሄደች። በሁለተኛው ወርም ሄደች። ዓመቱን ሙሉ ሄደች። አልቀጠለም።

ስለዚህ ራሷ ቀጠለችው፤ በወረቀት ሳይሆን በልቧ። ኖሊን በከተማው የስንዴ ጎተራ የጭነት መኪና መዛኝ ናት። ከሚዛኑ አጠገብ አንዲት ጎጆ አለች፤ አንድ ወንበር፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ማሞቂያ። መኪና መጥቶ እስኪሄድ ሦስት ደቂቃ ነው፤ ሌላው እስኪመጣ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ይሞላል። በዚያ መሃል ዶርካስን ወንዙ ላይ ታገኛታለች። እናቷ በሞተችበት ዓመት ዶርካስን ከነጀልባዋ አሰጠመቻት፤ ከዚያ አልሆንላት ብሎ መልሳ አወጣቻት። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በየሳምንቱ ቸኮሌት ያመጣላት በነበረበት ዓመት ደግሞ ዶርካስና ክፌ ተጋቡ። ሾፌሩ መስመር ቀይሮ መምጣት ሲያቆም አፋታቻቸው። ይህን ሁሉ ለሰው ተናግራ አታውቅም። ምን ብላስ ትናገራለች?

የዐውደ ርዕዩን ፕሮግራም በኮምፒውተር ስታይ ነው የዶርካስን ሠዓሊ ስም ያገኘችው፤ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፤ «ከረፋዱ አምስት ሰዓት፣ ክፍል ሦስት፣ የድሮ የአገር ልጅ ሠዓሊ፣ ኬልቪን ድራፐር»። በሕይወት መኖሩንም አታውቅም ነበር። በነጋታው የጀልባ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ገመዱን ገዛች።

በሜዳው በር ላይ ሰልፉ አጥሩን ይዞ እስከ መንገዱ ዞሯል። ኖሊን ሃምሳ ደቂቃ ቆመች። ከፊቷ አራት ሆነው አንድ ዘንዶ የለበሱ ልጆች ነበሩ፤ አንዷ ኋላ እግር የሆነችው ዞር ብላ፣ «እማማ፣ እርስዎ ምን ሆነው ነው የመጡት? ተራራ ወጪ?» አለቻት።

«አሻጋሪ ነኝ» አለች ኖሊን።

«አሻጋሪ ከየትኛው ፊልም?»

«ፊልም የለውም።»

ልጅቷ በአዘኔታ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ዘንዶው ገባች።

በሩን አልፋ ገና አሥር እርምጃ ሳትሄድ ጋቪንን አየችው። ጠጉሩ ሸብቷል፤ አንገቱ ላይ ትልቅ መታወቂያ፣ ጆሮው ላይ መነጋገሪያ አለ። ልቧ ሞቅ አለ። ቀረብ ስትል አወቃት።

«ኖሊን፣ መጣሽ? እንዴት ደስ ይላል» አለና ትከሻዋን ያዘ። «ድራፐርን አገኘሁልሽ፣ አየሽ? በስንት ፍለጋ። በኋላ ሻይ እንጠጣለን፣ እሺ? ብዙ የማወራሽ—» ጣቱን ወደ ጆሮው ሰደደ። «አዎ፣ እየሰማሁ ነው። የሽንት ቤቱን ሰልፍ በበጎቹ በረት በኩል አዙሩት። አይሆንም፣ በበረቱ በኩል።» እያወራ ሄደ። ሄዶ ሄዶ ከሰዉ ጋር ተቀላቀለ፤ ያን ቀን ዳግመኛ አላየችውም።

እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ዞረች። የድሮ መጽሔት በሚሸጥበት ጠረጴዛ ሁሉ ቆማ ዶርካስን ጠየቀች። አንዱ ሻጭ ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ፣ «እንደዚህ የሚባል የለም» አላት። አለመኖሩን እንጂ እሱ አለማወቁን አልተናገረም። የሰው ብዛት ትከሻዋን እየገፋ እሱ ወደፈለገው ይወስዳታል። ሁሉም ከሰው ጋር ነው የመጣው። ፎቶ ይነሳሳሉ፣ ከአንድ ሳህን ይበላሉ፣ አንዱ የሌላውን ክንፍ ያስተካክላል። ሁለት ጊዜ፣ «እባክዎ ያንሱን» ብለው ስልክ ሰጧት። አነሳቻቸው። እሷን እናንሳዎት ያላት የለም።

ክፍል ሦስት ከትልቁ አዳራሽ ጎን የተጣበቀ የቆርቆሮ ክፍል ነው። ስድሳ ወንበር ተደርድሮ ዘጠኝ ሰው ተቀምጧል። ከዘጠኙ አንዲቱ ሕፃን ታጠባለች፣ ሁለቱ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያሳርፋሉ፣ አንዱ ተኝቷል። በግድግዳው ማዶ አንድ የቴሌቪዥን ተዋናይ መድረክ ላይ ወጥቶ ኖሮ ሰዉ በጮኸ ቁጥር ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ኖሊን ፊት ለፊት ተቀመጠች።

ኬልቪን ድራፐር ወደ ሰማንያ የተጠጋ፣ ቀጭን፣ ጆሮ ትልቅ ሽማግሌ ነው። የወንድሙ ልጅ ብሮንዊን ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው። ጠያቂዋ ወጣት ስለ እሱ ያነበበችው ትናንት እንደሆነ ያስታውቃል።

«ዶርካስን እንዴት ሊያስቧት ቻሉ?» አለችው።

«የአንድ ጋዜጣ ባለቤት በወር ሃያ ገጽ ባዶ ወረቀት ይተርፈኛል አለኝ። እኔ ደግሞ ሥራ አልነበረኝም።»

«ለምን ቆመ ታዲያ?»

«አራት መቶ እናትማለን፣ ዘጠና ይሸጣል። የቀረውን የሰውየው ሚስት ለዓሣ መጠቅለያ ሰጠችው። ዓሣው ነው በጣም የወደደው።»

ሰዉ ሳቀ። የተኛው ሰውዬ ነቃ። ጠያቂዋ ከወንበሮቹ ጥያቄ ካለ ስትል ኖሊን ብድግ አለች። ይህን ጥያቄ ሠላሳ አምስት ዓመት ስትለማመደው ኖራ አሁን ቃሉ ጠፋባት።

«ጥያቄዬ» አለች፣ «ስለ አሥራ ሁለተኛው እትም ነው። ወንዙ መሃል ገመዱ ተበጥሶ ነው የሚያበቃው። ከዚያ… ዶርካስ ምን ሆነች? ምን ሊያደርጓት አስበው ነበር?»

ሽማግሌው ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አያት። «ገመዱ ተበጠሰ?»

«ተበጠሰ። ክፌም ጀልባው ላይ ነበር።»

«ክፌ ማነው?»

«ፖሊሱ።»

«አ፣ ፖሊሱ።» ጥቂት አሰበ። «ምንም አላሰብኩም፣ የኔ እመቤት። ገመዱን ለምን እንደበጠስኩት ግን አስታውሳለሁ። ገመድ መሳል ስልችት ብሎኝ ነበር። የያንዳንዱን ገመድ ድር በብዕር መሥራት ምን ማለት እንደሆነ ሠርተሽ ብታዪው አንቺም ትበጥሺው ነበር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዘጠኝ ሰው ሆኖ እንዲያ መሳቁ ይገርማል። ኖሊንም ሳቀች፤ ባትስቅ ይብስባት ነበር። «በአንባቢያን ደብዳቤ ገጹም ላይ ጽፌልዎት ነበር፤ ዘጠነኛው እትም ላይ ወጥቶልኛል» ልትል አስባ ነበር፤ ተወችው። ተቀመጠችና እጇን ጭኗ መሃል አደረገች።

ከዚያ በኋላ ቤቷ መሄድ ፈለገች። ባቡሩ ግን ወደ ማታ ነው። ከአዳራሾቹ በስተኋላ፣ ባዶዎቹ የበግ በረቶች አጠገብ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ አገኘች። ቋሊማ በዳቦ ገዝታ እዚያ ተቀመጠች። ሽንኩርቱ አርሯል። ቀና ስትል ኬልቪን ድራፐር በአንድ እጁ ፓይ የሚሉትን ሥጋ የተሞላ ቂጣ፣ በሌላው ምርኩዝ ይዞ ወደ አግዳሚው ሲመጣ አየችው።

«ይሄ ቦታ ሰው አለው?»

«የለውም። ይቀመጡ።»

ተቀመጠ። ፓይውን ነክሶ መረቁ አገጩ ላይ ፈሰሰ፤ በመዳፉ ጠረገው። «ብሮንዊን ሥጋ አትብላ ትለኛለች። የኪሴን ስልክ ፍለጋ መኪናው ድረስ ልኬያት ነው።» ስልኩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ አሳያትና መልሶ ከተተው። ከዚያ ወገቧን አየ። «አንቺ ቅድም የጠየቅሽኝ አይደለሽም? ገመድ የታጠቅሽው ለምንድን ነው? ላም ጠፍታብሽ ነው?»

ኖሊን ያረረውን ሽንኩርት ዋጠች። «የዶርካስ ነው።»

«ገመድ ትታጠቅ ነበር እንዴ?»

«ሰባት ቋጠሮ ያለው። ልታሻግራቸው ላልቻለቻቸው፣ ለያንዳንዳቸው አንድ።»

ሽማግሌው ማኘኩን አቆመ። «ጥሩ ሐሳብ ነው» አለ። «እኔ ነኝ ያሰብኩት?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ጎበዝ ነበርኩ ማለት ነው።» ፓይውን አንዴ ገመጠና፣ «ቅድም አስቄብሽ ነበር» አለ።

«እኔም ስቄያለሁ።»

«የሳቀው ጥርስሽ ነው። አይቼሻለሁ። ሰው ፊት ስቀመጥ አፌ እንዲህ ነው፣ አያርፍም። ሠላሳ ዓመት የመንገድ ምልክት ስቀባ ኖርኩ። ከኤቹካ እስከ ሚልዱራ ካንጋሮ ያለበት ቢጫ ምልክት ካየሽ የኔ ነው። ያን አይቶ የጠየቀኝ የለም። ዛሬ ስለ ዶርካስ ሲጠይቁኝ የሌላ ሰው ዕዳ የጠየቁኝ መሰለኝ።» ፓይውን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ። «አንቺ ምን ሆነች ትያለሽ?»

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለ እዚህ? በጎቹም የሉም።»

ኖሊን እጇን ጠረገች። እንዴት እንደሚጀመር አታውቅም፤ በልብ ያለ ነገር መጀመሪያ የለውም። «ጀልባዋ አልሰጠመችም» አለች በመጨረሻ። «ጎርፉ ይዟት ሄደ። ክፌ ሊያስራት እጇን ያዘ፤ ግን ወዴት ይወስዳታል? እሱም አብሯት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ለቀቃት። መጀመሪያ ቀን አልተነጋገሩም። በሁለተኛው ቀን የራሱን ዳቦ ከፍሎ ሰጣት።»

«ደግ አደረገ።»

«ደግ አይደለም። ብቻውን መብላት አስፈርቶት ነው።» ይህን እስከዛሬ አስባው አታውቅም፤ አሁን ነው የመጣላት። «ዶርካስ ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባት። ዕድሜዋን ሙሉ ወንዙን ከዳር ዳር ስታቋርጥ ኖራለች። በርዝመቱ ሄዳበት አታውቅም። ከቤቷ በታች ያለው ወንዝ ምን እንደሚመስል አታውቅም። ሰዎች ዳር ቆመው ያዩዋታል፤ የሚያውቋትም የማያውቋትም እጃቸውን ያውለበልባሉ። ክፌ ከአንድ ከተማ ዳር ላይ ወረደ። ነይ አላላትም፣ አልያዛትምም። ባርኔጣውን አነሳላት። እሷ ቀጠለች። እስከ ባሕሩ።»

ኬልቪን በምርኩዙ አፈሩን ሲጭር ቆይቶ፣ «አይሆንም» አለ።

ኖሊን ክው አለች። «ምኑ?»

«ግድቦቹስ? ወንዙ ላይ ከአሥር በላይ ግድብ አለ። የግድቦቹን ምልክት የቀባሁት እኔ ነኝ። ጀልባዋ የመጀመሪያው ላይ ተገትራ ትቀራለች።» እንደገና ጫረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር በራ። «ቆይ። ጎርፍ ነው አልሽ? ጎርፍ ሲሆን እኮ መዝጊያዎቹን ያነሷቸዋል። ውሃው ከላይ እስከ ታች አንድ ይሆናል። ታልፋለች። በሁሉም ላይ ታልፋለች።»

«ታልፋለች?»

«እያውለበለበች ታልፋለች ነው የምልሽ።»

ሁለቱ እየተያዩ ሳቁ፤ ይህኛው የጥርስ አልነበረም። ሽማግሌው ብዕር አውጥቶ የፓይውን ወረቀት ገለበጠና ሊስል ሞከረ። እጁ ይንቀጠቀጣል። አንድ የተጣመመ መስመር ሠርቶ ቆመ። «ይሄ ጀልባው ነው» አለ። «ካላመንሽ አይታይሽም።» ወረቀቱን ጨምድዶ ኪሱ ከተተ። «ባሕሩ ጋ ስትደርስስ?»

«ባሕሩ ጋ አሸዋ ነው፤ ረጅም መንቁር ያለው ሻሎ የሚባል ወፍ አለ፤ ሰው የለም። ወረደች። ጀልባዋን አላሰረችም። በአሸዋው ላይ ሄደች።»

«ከዚያስ?»

ኖሊን ከዚያ በኋላ ያለውን አሰበች። እስከዛሬ ወደ አሸዋው በደረሰች ቁጥር መልሳ ወደ ወንዙ መሃል፣ ወደ ተበጠሰው ገመድ ትወስዳት ነበር። «ከዚያ የለም» አለች።

«ጥሩ ነው» አለ ኬልቪን ድራፐር። «እኔ ብሆን ያን ያህል አላደርገውም ነበር።»

ያን ጊዜ ብሮንዊን እያለከለከች መጣች። «አጎቴ፣ ስልክህ መኪናው ውስጥ የለም… ደግሞ ሥጋ በልተሃል።»

«እሷ ናት ያበላችኝ» አለ ወደ ኖሊን እያመለከተ።

ብሮንዊን ለኖሊን ፈገግ አለችላት፤ ሽማግሌው ሰው ሲያስቸግር ማየት የለመደች ሴት ፈገግታ ነበር። «ተነሳ፣ ፊርማ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች አሉ። የመኪና ማቆሚያውም ሰዓት ሊሞላ ነው።»

ኖሊን ቦርሳዋን ከፈተች። አሥራ ሁለተኛውን እትም በላስቲክ ጠቅልላ ይዛው ነበር። «ካላስቸገርኩ» አለች፣ «እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።»

ሽማግሌው መጽሔቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ የመጨረሻውን ገጽ ለረጅም ጊዜ አየ። የራሱን ሥዕል የሌላ ሰው ሥዕል እንደሚያይ ነበር የሚያየው። «እውነትም ገመዱ ብዙ ነው» አለ። ከዚያ ብዕሩን ሰደደና ከሥዕሉ ሥር ያለውን «ይቀጥላል» በአንድ መስመር ሰረዘው። ከጎኑ በልጅ ፊደል በሚመስል ጽሕፈት «አለቀ» ብሎ ጻፈ። ፈረመ። ቀኑንም ጨመረ።

ኖሊን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን አንዴ ተጽፏል።

«በይ እንግዲህ፣ የኔ እመቤት» አለ ተነሥቶ እጇን እየጨበጠ። «ከኔ ትከሻ ላይ አወረድሽው። ተባረኪ።» ምርኩዙን አስቀድሞ፣ በብሮንዊን ክንድ ላይ ተደግፎ፣ በበጎቹ በረት መሃል አለፈ። አንድ ጊዜ ቆሞ ለብሮንዊን አንድ ነገር ነገራት፤ በእጁ የጎርፍ ስፋት የሚያሳይ ይመስል ነበር። ከዚያ ዞረው ጠፉ።

ቀኑ አልመሽም ብሎ አስቸገራት። ጋቪንን ሁለት ጊዜ ፈለገችው፤ አንድ አስተናጋጅ፣ «ዋናው አዳራሽ ነው፣ መግባት አይቻልም፣ የኔ እናት» አላት። ለራሷ ሻይ ገዝታ ጠጣች። ፀሐይ ከቆርቆሮዎቹ ጀርባ ስትወርድ ሰዉ ጭንብሉን በብብቱ ይዞ መውጣት ጀመረ። የዘንዶው ኋላ እግር የነበረችው ልጅ ከጓደኞቿ ጋር መንገድ ዳር ተቀምጣ ድንች ጥብስ ትበላ ነበር። ኖሊን አለፈቻቸው።

በባቡሩ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ወገቧን እየቆጠቆጣት ስለነበር ገመዱን ፈትታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ውጭው እየጨለመ፣ የታረሰው መሬት አልፎ አልፎ በአንድ መብራት እየታየ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ጊዜ ልማድ አላት። ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ወንዙን ፈለገችው። ወንዙ መጣ፤ ሰፊ፣ ቡናማ፣ ግንድ ይዞ የሚሄድ። ጀልባው ግን የለበትም። ወደ ላይ ሄደች፣ ገመዱ ወደ ተበጠሰበት፤ ሁለቱ ምሰሶዎች ባዶአቸውን ቆመዋል። ወደ ታች ሄደች፣ እስከ አሸዋው፤ ጀልባዋ በጎኗ ጋደል ብላ ሻሎ ቆሞባታል፣ የእግር ዱካው ወደ ባሕሩ ዳር ሄዶ ሄዶ አይታይም። ልትጠራት ፈለገች። ምን ብላ? ዶርካስ ዕዳ የለባትም፣ ቀጠሮ የለባትም፣ ደርሳለች።

ኖሊን ዓይኗን ከፈተች። ሠላሳ አምስት ዓመት አብራት የኖረች ሴት መሄዷ ነው። ራሷ ናት የሸኘቻት፤ ያውም ለፈጠራት ሰው ነግራ፣ በፊርማ። ሆድ ብሷት ትንሽ አለቀሰች። ሠረገላው በደከመ ሰው የተሞላ ስለነበር ያያት የለም፤ ብትታይም ከፊቷ የተቀመጠው ቀለም የተቀባ ወጣት ራሱ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። በፒራሚድ ሲወርድ፣ «ደህና ይደሩ» አላት። «ደህና እደር» አለችው። በዚያ ቀን እሷን ብሎ ያናገራት የመጨረሻው ሰው እሱ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጎጆዋ ውስጥ ማሞቂያውን ለኩሳ ተቀመጠች። ግንቦት ስለሆነ አዝመራ የለም፤ ከጎተራው ወደ ወደቡ ስንዴ የሚያወጡ ጥቂት መኪኖች ብቻ ናቸው። በመጀመሪያው መኪናና በሁለተኛው መሃል አንድ ሰዓት ከሩብ አለፈ። እንዲህ ረጅም መሆኑን ከዚህ በፊት አታውቅም ነበር። የማሞቂያውን ድምፅ ሰማች። ከጎተራው ጣሪያ ላይ የሚንኮሻኮሹትን ርግቦች ሰማች።

ሁለተኛው መኪና የዋረን ነበር፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በየሰኞው የሚመጣ፣ ስለ አየር ሁኔታና ስለ ጉልበቱ ሕመም ብቻ የሚያወራ ሾፌር ነው። መስኮቱ ላይ ክንዱን አስደገፈ።

«ቅዳሜ ባቡር ጣቢያ ሚስቴ አየችሽ። ገመድ ታጥቀሽ ነበር አለችኝ። ምን አገኘሽ ብዬ ፈራሁ።»

«ቤንዲጎ ሄጄ ነው። የኮሚክ ዐውደ ርዕይ አለ።»

«አንቺ? ኮሚክ?» ፊቱን አጣሞ ሲያያት ቆየ። «ስለ ምንድን ነው?»

ኖሊን እጇን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። ቅዳሜ አንድ ጊዜ የወጣ ነገር ዛሬም ይወጣ እንደሆነ አላወቀችም። «ስለ አንዲት ሴት ነው» አለች። «ጀልባ አላት። ሌላ ሰው የማያሻግረውን ሰው ታሻግራለች። አንድ ቀን—»

ከኋላ ሌላ መኪና ደርሶ ጡሩምባ ነፋ። ዋረን ዞር ብሎ እጁን አነሳና ወረቀቱን ከመስኮቱ ወሰደ።

«ይሄ ደግሞ ምን ያጣድፈዋል» አለ። «በይ፣ ሌላ ጊዜ ትነግሪኛለሽ።»

«እሺ» አለች ኖሊን።

መኪናው እያጓራ ከሚዛኑ ላይ ወረደ። ቀጣዩ ሾፌር የማታውቀው ልጅ ነበር፤ ጆሮው ውስጥ ማዳመጫ አድርጎ፣ መስኮቱን ሳያወርድ ጠበቀ።